ለዕጩ መምህራን ስለ መሣሪያ አያያዝ

በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን በሳተላይት የሚተላለፈው የፕላዝማ ትምህርት በተጀመረ ጊዜ፣ በእንግሊዝኛ የሚናገረው የቴሌቪዥን መምህር ቃሉን እያፈጠነ ሲያስረዳ፣ ተማሪው የመጀመሪያውን ጥያቄ ጽፎ ሳይጨርስ ሁለተኛው እየተተካ፣ በክፍሉ የቆመው መምህር ግን ስርጭቱን ሊያቆመውም ሆነ ወደ ኋላ ሊመልሰው ሥልጣን ስላልነበረው፣ የመግቢያና የመዝጊያ ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ተትተውለት፣ በገዛ ክፍሉ ተመልካች ሆኖ ይቀር ነበር።

ዛሬ በመምህራን ኮሌጅ ኮምፒዩተርና ፕሮጀክተር ለሚለማመደው ዕጩ መምህር ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት የለም ብዬ አምናለሁ። የቅኔ መምህር ደቀ መዝሙሩ የቆጠረውን ቅኔ ሰምቶ፣ ከሳተበት ቃል ላይ አስቁሞ እንደሚያርመው ሁሉ፣ የዘመኑም መምህር መሣሪያውን መቼ እንደሚያቆመው አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባዋል፤ የልብን ምት የሚያሳየውን ተንቀሳቃሽ ሥዕል፣ ደሙ ከቀኙ ክፍል ሊወጣ በተቃረበበት ቅጽበት ገትቶ «አሁን ወዴት ይሄዳል?» ብሎ መጠየቅ፣ ሙሉውን ደጋግሞ ከማሳየት ይልቃልና። መብራት ቢጠፋም (በገጠር ትምህርት ቤት የሚጠፋበት ቀን ብዙ ነው) ያንኑ ሥዕል በጠመኔ ሊሥለው ይቻለው ዘንድ ያስፈልጋል።

ስለዚህ የመምህራን ኮሌጆች ኃላፊዎች ሆይ፣ ቁልፍ መጫን በጥቂት ቀን የሚለመድ ነውና፣ ዕጩዎቻችሁን ስትፈትኑ ተማሪዎች በተቀመጡበት ክፍል ውስጥ መሣሪያውን አቁመው መጠየቅን፣ መልሱንም በትዕግሥት ማድመጥን መቻላቸውን መዝኑ።