ሃይላንድ ውስጥ ያለ ሁሉ ውሃ አይደለም

ቅዳሜ ጠዋት መኪናዬን ማጠብ እወዳለሁ። ሳምንቱን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ አፍጥጬ ስለምውል፣ በእጄ ሠርቼ ውጤቱን ወዲያው የማየው እዚህ ነው። ሻምፑውንና ፖሊሹን የምገዛው በትልቅ ጀሪካን ነው፤ ዋጋው ይረክሳል። ከዚያ ወደ ትንንሽ ጠርሙሶች እቀዳለሁ።

ባለፈው ዓመት እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን መጣች። አንድ ቅዳሜ የአራት ዓመቷ ልጄ «አያቴ፣ ውሃ ጠማኝ» አለቻት። እናቴ ጋራዡ መደርደሪያ ላይ ያገኘችውን ሃይላንድ አንስታ ክዳኑን ከፈተች። ለልጅቷ ከመስጠቷ በፊት ግን፣ እንደ ልማዷ፣ አሸተተችው።

ውሃ አልነበረም። አሲድ ያለበት የቸርኬ ማጽጃ ነበር። ሌላ ጠርሙስ ስላጣሁ እዚያ የቀዳሁት እኔው ነኝ።

እናቴ አልጮኸችም። ክዳኑን መልሳ አጠበቀችና «ልጄ፣ እኔ በረኪና በሃይላንድ ሳስቀምጥ አይተህ ነው እንዴ?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ሃይላንድ መጀመሪያ የአንድ የታሸገ ውሃ የንግድ ስም ነበር፤ በኋላ በኢትዮጵያ የማንኛውም ውሃ የፕላስቲክ ጠርሙስ መጠሪያ ሆነ። እኛ ቤት ባዶ ሃይላንድ አይጣልም። ዘይት፣ ነጭ ጋዝና በረኪና ይቀመጥበታል። እኛ ልጆቹም ሳናሸት አንጠጣም ነበር። እኔ ልማዱን ይዤ መጣሁ፤ ጥንቃቄውን ግን ለልጄ አላስተማርኳትም። ለእሷ የውሃ ጠርሙስ ማለት ውሃ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ጠርሙስ የምመርጠው አስቤ ነው። የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ የጠርሙሱን ቂጥ ገልብጣችሁ እዩ። በሦስት ማዕዘን ውስጥ ቁጥር አለ። 1 ቁጥር የውሃ ጠርሙስ የሚሠራበት ፕላስቲክ ነው፤ ስትጨምቁት ይጨማደዳል እንጂ ወደ ቅርጹ አይመለስም። 4 ቁጥር ለስላሳ ነው፤ ስትጨምቁት ጠብ ያደርግና ተመልሶ ይነፋል። ለፖሊሽና ለፈሳሽ ሰም የሚመቸው ይሄ ነው። 2 ቁጥር ጠንከር ያለ ነው፤ ብዙ ኬሚካል ይችላል፣ ለመጭመቅ ግን ጣት ያደክማል። ሬንጅ ማስለቀቂያን የመሰለ፣ ከነዳጅ የሚሠራ ነገር ለስላሳውን ፕላስቲክ ሊያሳብጠው ስለሚችል ከመጣበት ዕቃ አታውጡት። አሲድ ያለበትንም እንደዚያው።

ቀጥሎ የጠርሙሱ አፍ ነው። ቀጭን ለሆነ ፈሳሽ ጠባብ አፍ፣ ለወፍራም ፖሊሽ ሰፋ ያለ አፍ ይሻላል። ጫፉ የሚቆረጥ ክዳን ከገዛችሁ በትንሹ ቁረጡት፤ ማስፋት ይቻላል፣ ማጥበብ ግን አይቻልም። ፖሊሽ ውስጥ ያለው ደቃቅ ብናኝ ስለሚዘቅጥ፣ ከመጭመቃችሁ በፊት ጠርሙሱን በደንብ ናጡት። በማሽን ለምትሠሩ፣ ስፖንጁ ላይ አተር የሚያህሉ ሦስት ወይም አራት ጠብታዎች ይበቃሉ። ብዙ ማድረግ ሥራውን አያፈጥነውም፤ ጨርቅ ያበላሻል።

በውሃ የሚቀጥን ማጽጃ ካላችሁ ትንሽ ሒሳብ አለ። «1 ለ 10» ማለት አንድ እጅ ማጽጃ፣ አሥር እጅ ውሃ ነው፤ በድምሩ 11 እጅ። ስለዚህ 500 ሚሊ ሊትር ለሚይዝ ጠርሙስ 500ን ለ11 ታካፍላላችሁ። 45 ሚሊ ሊትር ያህል ማጽጃ፣ የቀረው ውሃ። ብዙ ሰው 50 ይጨምራል፤ እኔም ስሳሳት ኖሬያለሁ።

ከሁሉም በላይ ግን ጻፉበት። ስሙን፣ መጠኑን፣ የቀዳችሁበትን ቀን። አንዱን ጠርሙስ ለአንድ ነገር ብቻ አውሉት። በረኪና እና አሲድ ከተገናኙ መርዛማ ጋዝ ይወጣል፤ ስለዚህ «አጥቤዋለሁ» ብላችሁ እንኳ አታቀያይሩ። ምግብ ወይም መጠጥ የነበረበትን ዕቃ ፈጽሞ አትጠቀሙ። መደርደሪያውም ልጅ የማይደርስበት ይሁን።

ድንገት ልጅ ከጠጣ፣ ለማስታወክ አትሞክሩ። አሜሪካ ያላችሁ 1-800-222-1222 ደውሉ፤ የመርዝ ጉዳይ ባለሙያዎች ቀንም ሌትም ይመልሳሉ። ልጁ ራሱን ከሳተ ወይም መተንፈስ ካቃተው ግን 911። በአውሮፓ 112 ነው። ስትደውሉ ዕቃውን በእጃችሁ ያዙ፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ ምን እንደጠጣ ነው።

እናቴ ከመመለሷ በፊት ጋራዡ ውስጥ ቁጭ ብላ በየጠርሙሱ ላይ በማርከር ጻፈችልኝ። «ፖሊሽ»። «የመስታወት»። «የወንበር»። ልጄ ፊደል መቁጠር የጀመረችው ከእነዚያ ጠርሙሶች ነው። የቸርኬ ማጽጃው አሁን በመጣበት ዕቃ፣ ከላይ፣ ቁልፍ ባለው ሳጥን ውስጥ ነው። እሱም ላይ የእናቴ ጽሑፍ አለ፦ «ውሃ አይደለም»።