የቆጠራ ሠራተኛው ማስታወሻና የዲ ኤን ኤ ምስክርነት

እ.ኤ.አ. በ1870 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት ሮስ አውራጃ የሕዝብ ቆጠራ ያካሄደ አንድ ሠራተኛ ማዲሰን ሄሚንግስ የተባለውን ጥቁር አሜሪካዊ ከመዘገበ በኋላ፣ ሰውየው የፕሬዚዳንት ቶማስ ጀፈርሰን ልጅ መሆኑን ከስሙ አጠገብ አሰፈረ። ቅጹ ይህን አልጠየቀውም ነበር።

ማስታወሻው ይበልጥ የሚያስደንቀው ከዚያ ቀደም የነበረው አሠራር ሲታይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1850 እና በ1860 በተካሄዱት ቆጠራዎች በባርነት የተያዙ ሰዎች በባለቤታቸው ስም ሥር ዕድሜያቸው፣ ጾታቸውና የቆዳ ቀለማቸው ብቻ ይመዘገብ ነበር። አብዛኞቹ በስማቸው የተቆጠሩት ለመጀመሪያ ጊዜ በ1870 ነው። በመሆኑም የዘር ሐረጋቸውን የሚፈልጉ ጥቁር አሜሪካውያን ከዚህ ዓመት ሲደርሱ መንገዱ ይዘጋባቸዋል፤ ከዚያ ወዲያ የባሪያ አሳዳሪዎችን ኑዛዜ፣ የንብረት ዝርዝርና የሽያጭ ውል ማገላበጥ ግድ ይሆናል። በ1921 በዋሽንግተን በተነሳ ቃጠሎ የ1890ው ቆጠራ መዝገብ ክፉኛ መጎዳቱና የተረፈውም በኋላ እንዲወገድ መደረጉ ችግሩን አባብሶታል።

ማዲሰን እ.ኤ.አ. በ1873 እናቱ ሳሊ ሄሚንግስ የጀፈርሰንን ልጆች መውለዷን ለአንድ የአካባቢው ጋዜጣ ተናግሯል። ሆኖም በርካታ የታሪክ ጸሐፊዎች ቃሉን ከመቶ ዓመት በላይ ሳይቀበሉት ቆይተዋል። የጀፈርሰን የልጅ ልጆች አባትነቱን የሰጡት ለፕሬዚዳንቱ እህት ልጆች፣ ለካር ወንድማማቾች ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1998 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣው የዲ ኤን ኤ ጥናት ከአባት ወደ ወንድ ልጅ በሚተላለፈው ዋይ ክሮሞዞም ላይ የተመሠረተ ነው። ጀፈርሰን ከሕጋዊ ሚስቱ ለአካለ መጠን የደረሰ ወንድ ልጅ ስላልነበረው ናሙናው የተወሰደው ከአጎቱ የወንድ ተወላጆች ነው። ውጤቱ ከማዲሰን ታናሽ ወንድም ከኤስተን ተወላጅ ጋር ሲገጥም፣ ከካር ቤተሰብ ጋር ግን አልገጠመም። ከጀፈርሰን እንወለዳለን ሲሉ የኖሩት የቶማስ ዉድሰን ተወላጆችም ናሙናቸው ሳይገጥም ቀርቷል።

ምርመራው ለብቻው ቶማስ ጀፈርሰንን ከወንድሙና ከሌሎች የአባቱ ወገን ወንዶች ለይቶ አያሳይም። ክፍተቱን የሞላው ወረቀት ነው። ሳሊ በእያንዳንዱ ልጅ ባረገዘችበት ወቅት ጀፈርሰን በመኖሪያው በሞንቲሴሎ እንደነበረ ሰነዶች ያመለክታሉ። ሞንቲሴሎን የሚያስተዳድረው ፋውንዴሽንም ሁለቱን ማስረጃዎች አገናዝቦ እ.ኤ.አ. በ2000 አባትነቱ ከፍተኛ ዕድል ያለው መሆኑን አስታውቋል። ኤስተን ወደ ዊስኮንሲን ሄዶ የጀፈርሰንን ስም ይዞ እንደ ነጭ ኖሯል። ማስታወሻው የተጻፈለት ማዲሰን ግን ለምርመራው የሚሆን የታወቀ ቀጥተኛ የወንድ ተወላጅ አልተገኘለትም።