ምልክት የሌለው ድጓ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በእኛ በጎርጎራም ሆነ በሌላው የጣና ዳርቻ አጥቢያ ለማኅሌት የቆመ ወጣት መጽሐፍ ከመግለጥ ይልቅ ስልኩን ሲያበራ ማየት እንግዳ መሆኑ ቀርቷል። ስልክ መያዙን አልነቅፍም። የሚያሳስበኝ በስልኩ ላይ የተጻፈው ድጓ ነው፤ ቃሉ አለ፣ ምልክቱ የለም።

ሊቃውንቱ እንደሚያስተምሩት ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደትና ቁርጥ ለጌጥ የተጨመሩ አይደሉም። ይዘት የጌታን መያዝ፣ ጭረት የግርፋቱን ሰንበር፣ ርክርክ የደሙን መንጠብጠብ ያስታውሳል። ስለዚህ ምልክቱን የጣለ ጽሑፍ ከዜማው ጋር ምሥጢሩንም ጥሏል።

ለመሆኑ ኮምፒውተር እነዚህን ምልክቶች አያውቃቸውምን? ያውቃቸዋል። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዓ.ም. ወደ ዩኒኮድ ገብቷል፤ በ2005 ደግሞ አሥር የዜማ ምልክቶች የየራሳቸው ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። ስምንቱ ሁሉ አሉ፤ አጭር ርክርክና ደረት-ሂደት ተጨምረዋል። ሊቃውንቱ ከስምንቱ ጋር የሚቆጥሯቸው ድርስና አንብር ግን በዝርዝሩ የሉም።

ትልቁ ችግር ከዚህ በኋላ ይመጣል። በጥብርያዶስ ባሕር ዳር የነበሩ አይሁድ ጸሐፍት ለብሉይ ኪዳን ንባብ ያበጁት የዜማ ምልክት በዩኒኮድ የተመዘገበው በፊደሉ ላይ እንዲያርፍ ተደርጎ ነው፤ ፊደሉ ወደሄደበት አብሮ ይሄዳል። የእኛዎቹ የተመዘገቡት ግን ራሳቸውን ችለው እንደሚቆሙ ምልክቶች ነው። በብራናው ላይ ከፊደሉ በላይ የሚያርፈው ድፋት በስልኩ ላይ ከፊደሉ ጎን ይቆማል፤ ቃሉን ከመካከል ይሰነጥቀዋል፤ ያንኑ ቃል የሚፈልግ ሰውም አያገኘውም። አንዴ የተሰጠ ቁጥርና ስም ደግሞ በዩኒኮድ ሕግ አይሻርም።

በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን በተድባበ ማርያም እነ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳበጁት የሚነገርለት በፊደል የሚጻፈው ምልክት፣ ከድጓው ቃል ተቆንጥረው ከመስመሩ በላይ በደቃቁ የሚቀመጡት ፊደላት ማለቴ ነው፣ ቁጥሩ በመቶዎች ነው። ለእነዚህ አዲስ ቁጥር አያስፈልግም፤ ፊደሎቹ አሉና። የሚያስፈልገው ከቃሉ በላይ በትንሹ የሚያስቀምጥ የገጽ አሠራር ነው። ጃፓናውያን የቃላቸውን ንባብ ከቃሉ በላይ በደቃቅ ፊደል የሚጽፉበት አሠራር በድረ ገጽ ላይ ከቆየ ሰንብቷል። ስምንቱንም ቢሆን ጥሩ የፊደል ቅርጽ ሠሪ ከፊደሉ በላይ ሊያሳርፋቸው ይችላል።

አንዳንዶች «የብራናውን ገጽ ፎቶ ማንሣት ይበቃል» ይላሉ። ፎቶ ቢያንስ አይዋሽም፤ ሆኖም አይፈለግበትም፣ አይታረምበትም። ምልክቱ ተገፍፎ የተተየበው ግን ከዚህ ይብሳል፤ ሙሉ መስሎ ይታያልና። ከየኔታ እግር ሥር ያልተቀመጠ ልጅ በልማድ የሰማውን ዜማ በዚያ ላይ ይጭንበታል፤ ስሕተቱም ለቀጣዩ ይተርፋል።

እንግዲህ ድጓ የምናሰራጭ ሰንበት ትምህርት ቤቶች ምልክት በሌለው ጽሑፍ ራስ ላይ «ምልክት የለውም» ብለን እንጻፍ። በየአጥቢያው ኮምፒውተር የተማሩ ወንድሞችና እኅቶች አሉን፤ የመዝሙር መተግበሪያ ከመደርደራቸው በፊት አንድ ገጽ ጾመ ድጓ ይዘው ከድጓ መምህር ዘንድ ይቀመጡ። የትኛው ምልክት በየትኛው ፊደል ራስ ላይ እንደሚያርፍ መምህሩ ያሳዩአቸው፤ እነርሱም እንደዚያው ይሥሩት፤ መምህሩ ሳያዩትም አይልቀቁት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።