ወርቅ አምጥታ በአገሯ ሦስተኛ የሆነችው ታካሃሺ

እ.ኤ.አ. ኦገስት 2020 ላይ ጃፓናዊቷ የባድሚንተን ተጫዋች አያካ ታካሃሺ መጫወት ማቆሟን አስታወቀች። ዕድሜዋ 30 ነበር። የቶኪዮ ኦሊምፒክ በኮሮና ምክንያት በአንድ ዓመት መራዘሙ ከተነገረ ገና አምስት ወሩ ነው። እንግዲህ በአገሯ የሚደረግ ኦሊምፒክ አንድ ዓመት ሲቀረው ነው ራኬቷን የሰቀለችው። ያውም የኦሊምፒክ ሻምፒዮን ሆና።

ለብዙ ሰው ይሄ ውሳኔ «ትንሽ ብትታገስ ምን ነበረበት?» የሚያሰኝ ነው። እኔ ግን ስሌቱን ቁጭ ብሎ ላየው ሰው ትክክል ነበረች ባይ ነኝ። ለምን? እስቲ ከሥሩ እንየው። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ታካሃሺ በ1990 በናራ ግዛት ተወለደች። ለስፖርቱ ብላ ግን በሰሜን ጃፓን ሰንዳይ ከተማ ያለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገባች። እዚያ አንድ ክፍል የምታንሳትን ሚሳኪ ማትሱቶሞን አገኘች። በ2007 ጥንድ ሆነው መጫወት ጀመሩ። ትምህርታቸውን ሲጨርሱም ሁለቱም ኒሆን ዩኒሲስ የተባለ የኮምፒውተር አገልግሎት ኩባንያ ቡድን ውስጥ ገቡ።

በጃፓን ይሄ የተለመደ መንገድ ነው። ተጫዋቹ የኩባንያ ሠራተኛ ሆኖ ይቀጠራል። ኩባንያው ደመወዙንና የልምምድ ወጪውን ይሸፍናል፤ ተጫዋቹ ደግሞ በኩባንያው ማልያ በአገር ውስጥ ሊግ ይጫወታል። ለእኛም እንግዳ ነገር አይደለም፤ ንግድ ባንክ፣ መከላከያ፣ መብራት ኃይል እያልን ያደግንበት አሠራር ነው። ጥቅሙ ግልጽ ነው፦ ሽልማት ባይገኝም የወር ደመወዝ አለ። ስለዚህ ሁለት ወጣቶች ዛሬ ተሸንፈው ነገ ሳይበተኑ ለዓመታት አብረው መሥራት ይችላሉ። የጥንድ ጨዋታ የሚፈልገውም ይህንኑ ጊዜ ነው። ታካሃሺ ከኋላ ሆና በኃይል ትመታለች፤ ማትሱቶሞ መረቡ አጠገብ ቆማ ተጋጣሚ እንደምንም የመለሰውን ትጨርሳለች። አንዷ ያለ ሌላዋ ግማሽ ናት።

ከኩባንያው በላይ ደግሞ ብሔራዊ ቡድኑ አለ። ጃፓን ከ2004ቱ የአቴንስ ኦሊምፒክ በኋላ ደቡብ ኮሪያዊውን ፓርክ ጁ ቦንግን በዋና አሠልጣኝነት ቀጠረች። ፓርክ በ1992 ባርሴሎና ላይ በወንዶች ጥንድ ወርቅ የወሰደ ሰው ነው። ውጤቱ ግን በአንድ ጀንበር አልመጣም። የጃፓን የመጀመሪያው የባድሚንተን ኦሊምፒክ ሜዳሊያ የተገኘው በ2012 ለንደን ላይ ነው፤ ሚዙኪ ፉጂ እና ሬይካ ካኪዋ በሴቶች ጥንድ ብር አገኙ። ስምንት ዓመት መጠበቅ ማለት ነው።

ታካሃሺና ማትሱቶሞ የመጡት በዚህ በተከፈተ በር ነው። በ2014 መጨረሻ ላይ የዓለም አንደኛ ሆኑ። በ2016 መጀመሪያ በስፖርቱ ትልቅ ስም ያለውን የኦል ኢንግላንድ ውድድር አሸነፉ። ከዚያ ሪዮ።

ኦገስት 18 ቀን 2016 በተደረገው የፍፃሜ ጨዋታ የገጠሟቸው ዴንማርካውያኑ ክሪስቲና ፔደርሰንና ካሚላ ሪተር ዩል ነበሩ። ጃፓኖቹ የመጀመሪያውን ዙር 21 ለ18 ተሸነፉ፤ ሁለተኛውን 21 ለ9 አሸነፉ። በሦስተኛውና በመጨረሻው ዙር 19 ለ16 ተመሩ። ዙሩ የሚያልቀው በ21 ስለሆነ ለዴንማርኮቹ የቀራቸው ሁለት ነጥብ ብቻ ነበር። ታካሃሺና ማትሱቶሞ አምስት ነጥብ አከታትለው አገቡና 21 ለ19 ጨረሱት። ለጃፓን በባድሚንተን የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ወርቅ ሆነ።

ብዙ ጊዜ የስፖርት ታሪክ እዚህ ላይ ያበቃል። ትልቁ ጉዳይ ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው።

ያው መንገድ፣ ያው ሥልጠና ሌሎችንም አፈራ። ዩኪ ፉኩሺማና ሳያካ ሂሮታ በ2018 የዓለም አንደኛ ሆኑ። ማዩ ማትሱሞቶና ዋካና ናጋሃራ ደግሞ በ2018 እና በ2019 የዓለም ሻምፒዮን ሆኑ። በሁለቱም ዓመታት ፍፃሜ ላይ ያሸነፉት ማንን ነው? ፉኩሺማንና ሂሮታን። የዓለም ሻምፒዮና ፍፃሜ ሁለት ዓመት በተከታታይ የጃፓኖች የእርስ በርስ ግጥሚያ ሆነ ማለት ነው።

ችግሩ የኦሊምፒክ ደንብ ነው። አንድ አገር በአንድ የጥንድ ዘርፍ ማሰለፍ የሚችለው ቢበዛ ሁለት ጥንድ ነው፤ እሱም ሁለቱም በማጣሪያው ሰንጠረዥ እስከ ስምንተኛ ባለው ቦታ ከተቀመጡ። ታካሃሺና ማትሱቶሞ አላረጁም፣ አልወደቁም። በ2018 መጨረሻ ጓንግዡ ላይ የዓመቱ ምርጦች ብቻ የሚገናኙበትን የማጠቃለያ ውድድር አሸንፈዋል። ነገር ግን ማጣሪያው በኮሮና ሲቋረጥ ከዓለም ምርጥ አስር ውስጥ ሆነው በአገራቸው ሦስተኛ ነበሩ። በሌላ አገር ማልያ ቢሆኑ ኖሮ ቲኬታቸው በኪሳቸው ነበር።

ይህን የኢትዮጵያ አንባቢ በደንብ ያውቀዋል። በማራቶን አንድ አገር የሚያሰልፈው ሦስት ሯጭ ብቻ በመሆኑ፣ ሌላ አገር ቢሆን መሪ የሚሆን ሯጭ እኛ ጋ ተጠባባቂ ይሆናል። ታምራት ቶላ በፓሪስ 2024 የገባው ሲሳይ ለማ በጉዳት ሲወጣ ነው፤ ገብቶም በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ በኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ወርቅ አመጣ። ኮታ ባለበት ቦታ ሦስተኛውና አራተኛው ሰው ደካማ ነው ማለት አይደለም፤ ወረፋው ረጅም ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ታካሃሺ ስሌት እንመለስ። ኢኮኖሚክስ ስንማር መጀመሪያ ከሚነገሩን ነገሮች አንዱ፣ የወጣ ገንዘብ ወጥቷል የሚለው ነው። ከማትሱቶሞ ጋር ያሳለፈችው 13 ዓመት ለሚቀጥለው ውሳኔ መመዘኛ መሆን የለበትም። መመዘኛው «ከዛሬ ጀምሮ ያለው አንድ ዓመት ምን ያስከፍለኛል፣ ምን ያመጣልኛል?» የሚለው ነው።

የሚያመጣው ከፊታቸው ካሉት ከሁለቱ ጥንዶች አንዱን ማለፍ ከቻሉ ብቻ የሚገኝ ዕድል ነው። ውድድሮች በተቋረጡበት ጊዜ ደግሞ ነጥብ የሚሰበሰብበት መድረክም የለም። የሚያስከፍለው በእርግጠኝነት የሚከፈል ነው፦ በ30 ዓመት ሰውነት ላይ አንድ ዓመት ሙሉ ከባድ ልምምድ። መራዘሙ ለሁሉም እኩል አንድ ዓመት ይመስላል እንጂ ዋጋው እኩል አይደለም። ለ24 ዓመት ልጅ አንድ ዓመት ማደጊያ ነው፤ ለእሷ ግን ወጪ ነው። ራሷም ስትሰናበት የሰጠችው ምክንያት ለተጨማሪ አንድ ዓመት አካሏንም መንፈሷንም ማቆየት እንደሚከብዳት ነበር።

ሌላም አለ። በነጠላ የሚጫወት ሰው ሲያመነታ የሚጎዳው ራሱን ነው። በጥንድ ግን የአንዷ ግማሽ ልብ የሌላዋን ዓመት ይበላል። ታካሃሺ በጊዜ መውጣቷ ማትሱቶሞን ነጻ አደረጋት፤ ማትሱቶሞ ከዩኪ ካኔኮ ጋር ወደ ድብልቅ ጥንድ ዞራ መጫወቷን ቀጠለች።

ተቃራኒ መከራከሪያ አለ፣ ጠንካራም ነው። ቶኪዮ ላይ ወርቁን የወሰደችው ማን ናት? የ33 ዓመቷ ኢንዶኔዥያዊት ግሬሲያ ፖሊ። ፖሊ በለንደን 2012 ሆን ብለው ለመሸነፍ ተጫውተዋል ተብለው ከተባረሩት አራት ጥንዶች በአንዱ ውስጥ ነበረች። ከዚያም አጋሯ ስትለያት በብዙ ከምታንሳት አፕሪያኒ ራሃዩ ጋር እንደገና ጀምራ ነው ለወርቅ የበቃችው። ታዲያ ትዕግሥት አልከፈለም ወይ?

ለፖሊ ከፍሏል። ግን ልዩነቱን እንይ፦ ፖሊ የአገሯን ኮታ ለመያዝ ሁለት የዓለም ኮከብ ጥንዶችን ማለፍ አልነበረባትም። ያው ዕድሜ፣ የተለያየ ወረፋ። ደግሞም ውሳኔን በውጤቱ ብቻ መዳኘት ሎተሪ የደረሰውን ሰው «ጎበዝ ነጋዴ» እንደማለት ነው።

ጃፓንስ? ቶኪዮ ላይ ሁለቱም ጥንዶቿ ሩብ ፍፃሜ ላይ ወደቁ። ሂሮታ ከውድድሩ ጥቂት ሳምንታት በፊት የጉልበት ጅማቷ ተጎድቶ ጉልበቷን በድጋፍ አስራ ነው የተጫወተችው። በሴቶች ጥንድ በዓለም ላይ ብዙ ኮከብ ያላት አገር በራሷ ሜዳ ያለ ሜዳሊያ ቀረች። ታሪኩም ራሱን ደገመ፤ ለፓሪስ 2024 ከኮታው ውጭ የቀሩት እነዚያው ታካሃሺን ቀድመው የነበሩት ፉኩሺማና ሂሮታ ሆኑ። ዛሬ ፉኩሺማ የምትጫወተው በሁለት የዓለም ሻምፒዮና ፍፃሜዎች ካሸነፈቻት ከማትሱሞቶ ጋር ነው። ፓርክም በ2025 ወደ አገሩ ተመልሶ የደቡብ ኮሪያን ቡድን ይዟል።

ሥርዓት ሲሠራ እንዲህ ነው፤ ሻምፒዮን ያወጣል፣ ሻምፒዮኗን የምትተካትንም ያወጣል። ለአገር ጥሩ ነው፣ ለግለሰቧ ጨካኝ ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው። ስለዚህ እንደ ጃፓን ሁሉ እኛም ከኮታ በላይ አትሌት እያፈራን ከሆነ፣ ልንጠይቀው የሚገባን ማን ወርቅ አመጣ የሚለውን ብቻ አይደለም። አራተኛ የወጣችው ልጅ በሚቀጥለው ወር ደመወዝ አላት ወይ? በቃኝ ስትል የምትይዘው ሥራ አለ ወይ? ታካሃሺ ስሌቷን ተረጋግታ መሥራት የቻለችው በሥርዓቱ ውስጥ ደመወዝ የሚባል ነገር ስላለ ጭምር ይመስለኛል። ሌላ መተዳደሪያ የሌለው አትሌት ዋጋው ቢገባውም እንኳ ማቆም አይችልም።