ኤርፎናችን ሷድን ከሲን ይለያል ወይ?



ከመካከላችን አንዱ ባለፈው ዓመት ሠላሳኛውን ጁዝእ ከሚሞሪ ላይ እያዳመጠ ሐፈዘ። ማታ ማታ የዶርም ጓደኞቹ ሲተኙ ከመንገድ ዳር የገዛትን ኤርፎን ሰክቶ፣ አንዱን አያ አሥርና ሃያ ጊዜ እየደጋገመ ነበር የያዘው። ለዕረፍት አገሩ ገብቶ ኡስታዙ ፊት ሲያሰማ ግን ሱረቱል ከውሠር ላይ ሦስት ጊዜ ተቋረጠ። አንድ ጊዜ በሣእ፣ አንድ ጊዜ በሷድ፣ አንድ ጊዜ በሓእ። «እኔ እኮ የሰማሁት እንዲህ ነው» አለ። ግቢ ሲመለስ ያንኑ ቅጂ በጓደኛው ኤርፎን ሰማው። ቃሪኡ ትክክል ነበሩ። በእርሱ ኤርፎን ግን ሲንና ሣእ አንድ ዓይነት ፉጨት፣ ሓእና ሃእ አንድ ዓይነት ትንፋሽ ሆነው ነበር የሚወጡት። ተሳስቶ የያዘውን ለማረም አዲስ ከመሐፈዝ የበለጠ ለፋ።

ይህን ያነሳነው ወንድማችንን ለመውቀስ አይደለም። ሁላችንም ኤርፎን የምንገዛው እንደ እርሱ ስለሆነ ነው። ሱቅ ስንገባ የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ «ስንት ነው?» እና «ቤዙ ይመታል?»። በእኛ እምነት ከሁለቱም የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ ምን ላዳምጥበት ነው? ከምን ጋርስ ነው የምሰካው? አብዛኛው ማዳመጣችን ቂርአትና ዳዕዋ ከሆነ፣ የሚያስፈልገን የሰውን ድምፅ አጥርቶ የሚያወጣ፣ ከስልካችን ወይም ከትንሿ ማጫወቻችን ጋር የሚስማማና ድምፁን ብዙ ሳንከፍት የሚሰማ ኤርፎን ነው። እንዲህ ያለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከውዶቹ ወገን አይደለም።

«ዘመኑ የኢንተርኔት ነው፤ ሚሞሪ ምን ያደርጋል?» የሚል አይጠፋም። ወለጋ ውስጥ የቆየ ሰው መልሱን ያውቀዋል። በ2012 ዓ.ም. ከታኅሣሥ መጨረሻ ጀምሮ እስከ መጋቢት ድረስ በቄለም፣ በምዕራብና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ የሞባይል ስልክም ኢንተርኔትም ተቋርጦ ነበር፤ በምሥራቅ ወለጋም ኢንተርኔት ተዘግቶ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚያገለግለው አስቀድሞ የተጫነው ነው። በደህናው ቀንም ቢሆን ፓኬጅ ያልቃል፣ መብራት ይጠፋል። ስለዚህ ነቀምቴም ሆንን ግምቢ ወይም ሻምቡ፣ ሚሞሪ የምትቀበል ትንሽ ኤምፒ ስሪ ማጫወቻ፣ ወይም ሲም የወጣለት አሮጌ ስልክ፣ ለደረሳ ጥሩ ጓደኛ ነው። ቲክቶክ የለበትም፤ ቂርአት መሐል መልእክት ገብቶ አያቋርጠንም። ሂሳቡም ቀላል ነው። የሙሉ ቁርኣን ቅጂ 30 ሰዓት ያህል ቢፈጅ፣ በ64 ኪሎቢት የተቀዳው ከ1 ጊጋባይት በታች፣ በ128 ኪሎቢት የተቀዳው ደግሞ 1.7 ጊጋባይት ገደማ ይይዛል። ባለ 4 ጊጋባይት ሚሞሪ ከበቂ በላይ ነው። በጣም ተጨምቆ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የኖረ ፋይል ግን የጠፋበትን ድምፅ የትኛውም ውድ ኤርፎን አይመልስለትም። መጀመሪያ ጥሩ ቅጂ እንፈልግ።

አሁን ወደ ፊደሎቹ እንመለስ። አማርኛም ሆነ አፋን ኦሮሞ ሲናገር ያደገ አፍ ሣእንና ዛልን አያውቃቸውም። በአማርኛ ሀ፣ ሐ እና ኀ በጽሑፍ ሦስት ቢሆኑም በንግግር አንድ ሆነዋል። ጸን የለመደ ምላስ ሷድን ወደ ጸ ይስባታል። በላቲን ፊደል የተጻፈ ቂርአት የሚያነብ ኦሮምኛ ተናጋሪ ደግሞ ዛልን በ«ዲ ኤች» ተጽፋ ሲያገኛት እንደ ቁቤው ዸ ብሎ ሊያነባት ይችላል። እንግዲህ የለመድነው ጽሑፍ አያድነንም። ያለን ጆሯችን ነው፤ ጆሮም የሚሰማው ኤርፎኑ ያሳለፈለትን ብቻ ነው።

የሲን ፉጨት በአብዛኛው ከ4000 ኸርዝ በላይ ነው፤ ሲንን ከሣእ የምንለይበት ቀጭን ድምፅም እዚያው ላይ ይገኛል። ሷድን ከሲን የምንለየው ደግሞ ይበልጥ አብሯት ያለው አናባቢ ሲወፍር ሰምተን ሲሆን፣ ይህ ልዩነት ከ1000 እስከ 2000 ኸርዝ አካባቢ ነው። «ሱፐር ቤዝ» እየተባለ የሚሸጠው ኤርፎን የሚያጎላው ከ200 ኸርዝ በታች ያለውን ነው። ወፍራሙ ሲበዛ ቀጭኑን ይሸፍነዋል፤ የሚሠራ ጀነሬተር አጠገብ ቆሞ እንደማውራት ማለት ነው። ለተጅዊድ የሚሆነን ኤርፎን «ቤዝ የለውም» ተብሎ የሚናቀው ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ የሚመጣው የኤርፎኑና የማጫወቻው መስማማት ነው። ብዙ ካርቶኖች ጀርባ ላይ «ኦም» የሚል ቁጥር ይገኛል። ስልክና ትንሽ ማጫወቻ ጉልበታቸው ትንሽ ስለሆነ ከ16 እስከ 32 ኦም ያለው ይስማማቸዋል። ለስቱዲዮ የተሠሩ 250 ኦም የሚደርሱ ትልልቅ ሄድፎኖች አሉ፤ እነርሱን ትንሿ ማጫወቻ ላይ ብንሰካ ድምፁ እስከ ጥግ ተከፍቶም ደካማ ይሆናል። ውጭ አገር ያለ ዘመድ የላከው ውድ ሄድፎን «ተበላሽቷል» ተብሎ የሚቀመጠው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው። በዴሲቤል የሚጻፈው ቁጥር ደግሞ 100 አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ በትንሽ ጉልበት ጥሩ ይሰማል።

ጃኩንም እንመልከት። ማይክ ያለው ኤርፎን ጃኩ ላይ ሦስት ቀለበት አለው፤ ማይክ የሌለው ሁለት። አንዳንድ አሮጌ ማጫወቻዎች ባለ ሦስት ቀለበቱን በደንብ አይቀበሉም። የጋራ መመለሻ የሆነው መስመር ሳይነካ ሲቀር በግራና በቀኝ እኩል የተቀዳው ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ሙዚቃ ያለበት ነገር ከሆነ ጉድጓድ ውስጥ እንዳለ ሆኖ ይሰማል፤ ቂርአት ከሆነ ግን ጭራሽ ሊጠፋ ይችላል። ምክንያቱም የቀደሙት ቅጂዎች በግራም በቀኝም አንድ ዓይነት ናቸው። ሙሉ ቁርኣን በሙረተል ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀዳው በ1961 እ.ኤ.አ. በግብፃዊው ሸይኽ መሕሙድ ኸሊል አል ሑሰሪ (ረሒመሁላህ) ድምፅ ነው፤ ዛሬም ብዙዎቻችን የምንማረው በእርሳቸው ቅጂዎች ነው። የማይኩን ቁልፍ ስንጫን ድምፁ ከተመለሰ ችግሩ ይኸው ነው፤ ማይክ የሌለው ኤርፎን እንግዛ። በዚሁ መሠረት፣ አንድ ጎኑ የሞተ ኤርፎን እንኳ ከሸይኹ ቅጂ አንድም ፊደል አያስቀርብንም። ሁለት ጆሮ ሙሉ «ስቴሪዮ» ፍለጋ የሚወጣው ገንዘብ ለዚህ ሥራ ብዙም አይጠቅምም።

ስለ ኤርፖድም የምንለው አለን። ትክክለኛውም ይሁን አምሳያው፣ ብድር ገብተው የሚገዙት ወንድሞች እንዳሉ እናውቃለን። ትንንሾቹ ማጫወቻዎች ብዙዎቹ ብሉቱዝ የላቸውም። የኤርፖዱ ባትሪ ትንሽ ነው፤ ሲያረጅ በቀላሉ አይቀየርም። መብራት በጠፋ ማታም አብሮ ይሞታል። ባለ ገመዱ ቻርጅ አይፈልግም። ስልካቸው የጃክ ቀዳዳ የሌለው ወገኖች በታይፕ ሲ የሚሰካ ባለ ገመድ ኤርፎን አለላቸው፤ ብቻ ሁሉም ከሁሉም ስልክ ጋር ስለማይሠራ እዚያው ሱቅ ውስጥ ሰክተው ይሞክሩት።

እህቶቻችን የተለየ ጉዳይ አላቸው። ከሂጃብ በላይ የሚደረግ ትልቅ ሄድፎን ጨርቁ መሐል ስለሚገባ ድምፁ ይታፈናል። ከሂጃብ ሥር የሚገባው ደግሞ ወጣ ያለ ከሆነ ጨርቁ እየተጫነው ጆሮ ያሳምማል። ትንሽና ጠፍጣፋ፣ ገመዱ በሂጃቡ ውስጥ ወርዶ የሚያልፍ ይሻላል። ጆሮ ሁለቱም ተደፍኖ በባጃጅ መሐል መንገድ መሻገር ግን ለእህትም ለወንድምም አደጋ ነው። መንገድ ላይ ኤርፎኑ ይውጣ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበን ጆሯችን ነው። መስማት አማና ነው። ሱረቱል ኢስራእ በ36ኛው አያ ጆሮ፣ ዓይንና ልብ እንደሚጠየቁ ያሳስበናል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው ያስቀመጠው ወሰን 80 ዴሲቤል ሆኖ በሳምንት 40 ሰዓት ነው። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል፤ 90 ዴሲቤል ላይ በሳምንት 4 ሰዓት ብቻ ይቀራል። ከነቀምቴ አዲስ አበባ ያለውን 330 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በአውቶቡስ ስንጓዝ፣ የሞተሩን ድምፅ ለመብለጥ ድምፁን እስከ ጥግ ብንከፍት የሳምንቱን ድርሻ በአንድ ጉዞ ልንጨርሰው እንችላለን። የሚሰማው ቁርኣን ስለሆነ ጆሮው አይጎዳም ማለት አይቻልም። መፍትሔው ርካሽ ነው። ከኤርፎኑ ጋር የሚመጡትን ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ ጎማዎች እየለዋወጥን ጆሯችንን በልክ የሚዘጋውን እንምረጥ። ጎማው በልክ ሲዘጋ የውጭው ጫጫታ ይቀንሳል፤ ያኔ በግማሽ ድምፅ ይበቃናል።

ዶርም ውስጥም ኤርፎን የአደብ ጉዳይ ነው። አቡ ዳውድ እንደዘገቡት ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) መስጂድ ውስጥ ኢዕቲካፍ ላይ ሳሉ ሰዎች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲቀሩ ሰሙ። ሁሉም ከጌታው ጋር እየተነጋገረ ስለሆነ አንዱ ሌላውን እንዳያስቸግር፣ በቂርአትም ድምፁን በሌላው ላይ ከፍ እንዳያደርግ አሳሰቡ። ቀሪዎቹ በመስጂድ ውስጥ ይህ ከተባሉ፣ እኛ እምነቱ የተለየና ነገ ፈተና ያለው ጓደኛችን በተኛበት ክፍል ስፒከር ከፍተን ምን ልንባል ነው? ለዲናችን መልካም ስም የአንድ ኤርፎን ዋጋ አይበዛበትም።

«ለቁርኣን ምርጡና ውዱ ይገባዋል» ብለው የሚከራከሩን ወንድሞች አሉ። ኒያቸውን እንወዳለን። ለቁርኣን የሚገባው ግን ከሁሉ በፊት ልብ ሰጥቶ ማዳመጥና ፊደሉን አስተካክሎ መያዝ ነው። ይህን የሚያሟላ መጠነኛ ኤርፎን ገዝቶ የቀረውን ገንዘብ ለአንድ አዲስ ገቢ ተማሪ ሚሞሪና ኤርፎን ቢያደርገው አጅሩ የት እንደሚበልጥ አንባቢ ይመዝነው።

ስለዚህ ምክራችን አጭር ነው። ኤርፎን ለመግዛት ስንወጣ የራሳችንን ማጫወቻና የሸይኽ ሑሰሪን ሱረቱል ከውሠር ይዘን እንሂድ። ሦስት አያ ብቻ ናት። የመጀመሪያዋ ዐይንን፣ ጧእንና ሣእን፣ ሁለተኛዋ ሷድንና ሓእን ይዛለች። ድምፁን ግማሽ ላይ አድርገን እንስማት፤ ጃኩንም እየነካካን ድምፁ መቆራረጥ አለመቆራረጡን እንይ። ፊደሎቹ ከተለዩልን እንግዛው፤ ካልተለዩልን ሻጩን አመስግነን ወደ ቀጣዩ ሱቅ እንለፍ። ማኅበራችንም ጥሩ ቅጂ የተጫነባቸው ሚሞሪዎችና አንድ ሁለት የተሞከሩ ኤርፎኖች አዘጋጅቶ ለአዳዲስ ተማሪዎች ቢያውስ እንወዳለን፤ መዋጮው ለእያንዳንዳችን ከአንድ ሻይ አይበልጥም።

የመጨረሻው ነገር ደግሞ ይህ ነው። ኤርፎን ያሰማናል እንጂ አይሰማንም። ምላሳችን የት እንደተሳሳተ ሊነግረን አይችልም። ቁርኣን ከአፍ ወደ ጆሮ፣ ከኡስታዝ ወደ ደረሳ ሲተላለፍ ነው እኛ ዘንድ የደረሰው። ወንድማችንን ያዳነውም የተሻለው ኤርፎን ሳይሆን «ቁም፣ ድገማት» ያሉት ኡስታዝ ናቸው። በሳምንት አንድ ቀን እንኳ ቢሆን ኤርፎናችንን ነቅለን እንዲህ ያለ ሰው ፊት እንቀመጥ።

አላህ የምንሰማውን የሚጠቅመን፣ ጆሯችንንም የሚመሰክርልን ያድርግልን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ።