ካንሰር ዳግመኛ ሲገኝ



አንዲት እናት የጡት ካንሰር ሕክምናዋን ፈጽማ፣ ጠጉሯ በቅሎ፣ ወደ ሥራዋና ወደ ልጆችዋ ከተመለሰች ከዓመታት በኋላ «አሁንም ካንሰር ተገኝቷል» ስትባል ድንጋጤዋ ከመጀመሪያው ሊብስ ይችላል። ያን ጊዜ የሚመጣውን አታውቅም ነበር፤ አሁን ግን ማቅለሽለሹንም፣ ድካሙንም፣ ወጪውንም ጠንቅቃ ታውቀዋለች። በመዳንዋ እልል ያለውን ጎረቤት እንደገና ማሳዘኑም ይከብዳታል። ስለዚህ ዝም ማለትን ትመርጥ ይሆናል። ነገር ግን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚባለው ለዚህ ጊዜ ነው።

በመጀመሪያ፣ ዳግመኛ የተገኘ ካንሰር ሁሉ አንድ ዓይነት እንዳልሆነ እንወቅ። አንደኛው፣ የቀድሞው ካንሰር ርዝራዥ ቆይቶ በጠባሳው አካባቢ፣ በብብት፣ ወይም ራቅ ብሎ በአጥንት፣ በሳንባ ወይም በጉበት ሲያገረሽ ነው። ሁለተኛው፣ ከቀድሞው ጋር ያልተያያዘ አዲስ ካንሰር፣ ለምሳሌ በሌላው ጡት ላይ ሲነሣ ነው። ዝነኛዋ የቴኒስ ተጫዋች ማርቲና ናቭራቲሎቫ እ.ኤ.አ. በ2010 የጡት ካንሰር ታክማ ድና ነበር። በ2023 መጀመሪያ ደግሞ የጉሮሮና አዲስ የጡት ካንሰር እንደተገኘባት አስታወቀች፤ ሁለቱም በጅምር ላይ ሳሉ ስለተደረሰባቸው በዚያው ዓመት ከካንሰር ነፃ መባልዋን ገልጻለች።

እንግዲህ ሐኪሙን «ያገረሸ ነው ወይስ አዲስ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ለዚህም ከዕጢው አዲስ ናሙና ተወስዶ መመርመር ሊያስፈልግ ይችላል። ወደ አጥንት ወይም ወደ ጉበት የተዛመተ የጡት ካንሰር ፈጽሞ የመዳን ዕድሉ አነስተኛ ቢሆንም፣ በመድኃኒት ገትቶ ዕድሜን ማራዘምና ሥቃይን ማስታገስ ይቻላል።

ሁለተኛው ቁም ነገር የቀድሞው የሕክምና ወረቀት ነው። ለምሳሌ ዶክሶሩቢሲን የተባለው መድኃኒት ልብን ስለሚጎዳ፣ አንድ ሰው በዕድሜ ዘመኑ ሊወስደው የሚገባው መጠን የተወሰነ ነው። አንድ ጊዜ ጨረር የተሰጠው የሰውነት ክፍልም እንደገና ብዙ ጨረር ላይችል ይችላል። ሐኪሙ ያለፈውን ካላወቀ የሚመጣውን በትክክል ለመወሰን ይቸገራል።

ብዙዎቻችን በገጠር የሚኖሩ እናት ወይም አክስት አሉን። በሰሜን ሸዋ፣ በግሼ ወረዳ ራቤል የሚኖሩ እናትዎ ቀድሞ አዲስ አበባ ታክመው ተመልሰው ከሆነ ወረቀታቸው የት እንዳለ ጠይቀው ያውቃሉ? ለብዙ ዓመታት የጨረር ሕክምና በሀገራችን ይሰጥ የነበረው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ከራቤል የሚነሣ ሕመምተኛ ደጋውን አቋርጦ ደብረ ብርሃን ከደረሰ በኋላ እንኳ አዲስ አበባ ለመግባት 130 ኪሎ ሜትር ይቀረዋል። ይህን ሁሉ መንገድ መጥተው ወረቀቱ ራቤል ሣጥን ውስጥ ቢቀር ድካሙ እጥፍ ነው። ስለዚህ የናሙናውን ውጤት፣ የመድኃኒቱን ስምና መጠን፣ የጨረሩን መረጃና የቀዶ ሕክምናውን ቀን የያዘውን ወረቀት ሁለት ቅጂ አስነሥተው፣ አንዱን እርሳቸው ዘንድ፣ አንዱን እርስዎ ዘንድ ያስቀምጡ።

ከሕክምና በኋላ ያለው ክትትልም «ድኛለሁ» ተብሎ አይተውም። የጡት ካንሰር የታከመች ሴት በየዓመቱ የጡት ራጅ እንድትነሣ ይመከራል። ታሞክሲፈን የታዘዘላትም ቢያንስ 5 ዓመት ሳታቋርጥ መውሰድ ይገባታል። ጠበል መጠመቅ ለምትሻም መድኃኒቱን የምታቆምበት ምክንያት የለም።

የቤተሰብስ ድርሻ? «አይዞሽ» ማለት መልካም ነው፤ ግን ብቻውን አይበቃም። ባል የሕክምናውን ቀጠሮ ይያዝ፤ ልጆች እንጀራውንና ልብሱን ይከፋፈሉ፤ ጎረቤት ሕፃናቱን ይጠብቅ። እርስዋ ደግሞ ስትፈራ «ፈራሁ» ብትል ማንም አይቆጣት። አንድ ጊዜ ይህን በሽታ ታግላ ያለፈች ሴት ሁለተኛውን ለብቻዋ እንድትገጥም አንተዋት።