ጠመኔ ጥሎ መሪ የሚጨብጥ የመልሱን ጭነት ይቁጠር

ከደመወዝ እስከ ደመወዝ መድረስ ያቃተው መምህር፣ የጤና ባለሙያ ወይም የቢሮ ሠራተኛ ዓይኑን ወደ መንገዱ ቢወረውር የሚያስገርም አይደለም። በደባርቅና በዳባት ደግሞ መንገዱ ቤቱ ድረስ መጥቶለታል። ከጎንደር ተነስቶ ወደ ሊማሊሞ የሚወጣው አውራ ጎዳና ሁለቱንም ከተሞች መሃል ለመሃል ስለሚያቋርጥ፣ ከክፍል በር ላይ ቆሞ አሻግሮ የሚያይ ሰው አይሱዙ፣ ሲኖትራክና ተሳቢ ሲመላለስ ያያል። ሹፌሩ ምሳውን ሥጋ ሲበላ፣ ኪሱ ገብቶ የብር ጥቅል ሲያወጣ ያያል። የማያየው ነገር ቢኖር ያው መኪና ጭነት አጥቶ ቆሞ የሚውልበትን ቀን ነው።

ለመሆኑ ሥራውን የሚለቅ ሰው ተሳስቷልን? ሒሳቡን ይዞ ለሚጠይቅ ሰው “አዎ” ብሎ መመለስ ይከብዳል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ወጥቷል። መንግሥት ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ባደረገው የደመወዝ ማሻሻያ የአንደኛ ዲግሪ ምሩቅ መነሻ ደመወዝ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ጭማሪው ቀላል አይደለም። ነገር ግን ዋጋው ቀድሞ ሮጦ ስለነበር ደመወዙ ከኋላ ሆኖ ነው የተከተለው። አሥራ አምስትና ሃያ ዓመት ያገለገለ ባለሙያ “ለገንዘብ ብሎ ሙያውን ከዳ” ተብሎ መታማቱ እንግዲህ አግባብ የለውም። ሙያው ነው ቀድሞ የከዳው።

በደባርቅ በኩል ሌላም ሰበብ አለ። ከተማዋ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በር ናት። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ፣ ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት አስጎብኚው፣ ምግብ አብሳዩ፣ በቅሎ አከራዩና ስካውቱ ሁሉ ኑሮውን በዋልያና በጭላዳ ዝንጀሮ ዙሪያ ገንብቶ ነበር። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ቱሪስቱን አስቀረ። ቀጥሎ ጦርነቱ መጣ፤ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ውጊያው ዳባት ወረዳ ድረስ ዘልቆ የጭና ገበሬ ምን እንደደረሰበት አገር ያውቃል። ቋንቋ አጥንቶ፣ ተራራውን በእግሩ ለክቶ ያደገ አስጎብኚ እንግዳ ሲያጣ መንጃ ፈቃድ ማሰቡ ቅንጦት ሳይሆን ጭንቀት ነው።

ይህ ሁሉ እውነት ሆኖ ሳለ፣ ሥራ ለቃቂው የሚሠራው ሒሳብ አንድ ትልቅ ቀዳዳ አለው። ቀዳዳው የመልስ ጭነት ነው።

የሰሜን ተራሮች ግርጌ ገበያ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ነጋዴው አያጣውም። ከደባርቅና ከዳባት ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላ፣ ድንችና በግ ይወጣል። የቢራ ገብሱ የጎንደር ብቅል ፋብሪካን የመሰለ ገዢ አለው። ወደ ላይ ደግሞ ማዳበሪያ፣ ሲሚንቶ፣ ቆርቆሮ፣ ዘይት፣ ስኳርና ለደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚቀርበው ቀለብ ይወጣል። ችግሩ ሁለቱ በአንድ ወር አለመገናኘታቸው ነው። ገብስ የሚበዛው አዝመራው ሲሰበሰብ በኅዳርና በታኅሣሥ ነው፤ ማዳበሪያ የሚፈለገው ክረምቱ ሲቃረብ። ስለዚህ አንዱን ሞልቶ የሄደ መኪና ሌላውን ባዶውን ይመለሳል፤ ወይም የሚሞላው እስኪያገኝ ከደላላው ደጅ ይቆማል። ደላላው ለሚሄድበት ኪሎ ሜትርና ለሚጭነው ኩንታል ዋጋ ይናገራል። ለሚቆምበት ቀን ግን ዋጋ የሚባል ነገር የለም።

ድሮ ይህን ቀዳዳ የሚሸፍነው ከሊማሊሞ ማዶ ያለው ገበያ ነበር። ቁልቁል ዛሪማን አልፎ፣ አዲአርቃይን ይዞ፣ ተከዜን ተሻግሮ ሽሬ የደረሰ መኪና እዚያ የሚጭነው አያጣም ነበር። ጥቅምት 2013 ዓ.ም. በተነሳው ጦርነት ያ መስመር ተቆረጠ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ተፈረመ፤ ሆኖም ዓመት ሳይሞላ፣ በ2015 ዓ.ም. ክረምት፣ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተቀሰቀሰ። ከዚያ ወዲህ መንገድ በተዘጋ ቁጥር የቆመ መኪና፣ የታገተና የተገደለ ሹፌር ዜና ተደጋግሞ ተሰምቷል። በምዕራብ በኩል ለመተማ መስመር ተስፋ የነበረው የሱዳን ንግድም ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ በተነሳው ጦርነት ተመታ። ጠመኔውን ዛሬ የሚጥል ሰው የሚገባው ወደዚህ ገበያ ነው። ከአሥር ዓመት በፊት የነበረው የሹፌር ኪስ ሲያማልለው ከቆየ፣ ያ ኪስ የተሞላበት መንገድ ዛሬ እንዳለ አለመኖሩን ማወቅ አለበት።

ናፍጣውም አለ። መንግሥት በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ድጎማውን መቀነስ ሲጀምር ሊትሩ 49 ብር ከ2 ሳንቲም ነበር፤ በጥር 2017 ዓ.ም. 98 ብር ከ98 ሳንቲም ደርሶ ነበር። መቶ ሊትር የሚሞላ ሰው 4,902 ብር ይከፍል የነበረው ያኔ 9,898 ብር መክፈሉ ነበር። ከዚያ በየከተማው ኮቴ፣ ጎማ፣ ቦሎ፣ መድንና ጋራዥ ይከተላሉ። የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ ቢሆንም፣ ገደል የገባውን የራስን መኪናም ሆነ በላዩ ያለውን የነጋዴ ገብስ አይከፍልም።

እዚህ ላይ በቅጥር የሚነዳውንና መኪና የሚገዛውን መለየት ያስፈልጋል። በቅጥር የሚገባው ቢከስር የሚከስረው ጊዜውን ነው። የሃያ ዓመት ቁጠባውን፣ የሚስቱን ወርቅና የወንድሙን ብድር አዋጥቶ አሮጌ አይሱዙ የሚገዛው ግን ሌላ ታሪክ ነው። አንድ መኪና ያለው ባለንብረት አንድ ልጅ እንዳለው ሰው ነው፤ ሞተሩ ባስነጠሰ ቁጥር ቤተሰቡ ሁሉ ይተኛል። ሙያውን ለቆ በዚያው ሳምንት ባለመኪና የሚሆን ሰው ያልለመደውን ሥራ ባላየው ገበያ በብድር ገንዘብ መጀመሩ ስለሆነ፣ ይህን “ድፍረት” ብሎ የሚያሞግስ ጎረቤት ቢገኝ እንኳ ባንክ እንዲህ ያለውን ሰው በጎሪጥ ቢያይ አይፈረድበትም።

በቅጥር የሚገባውስ? የመንግሥት ሠራተኛ ሳለ ከደመወዙ 7 በመቶ ለጡረታ ሲያዋጣ መሥሪያ ቤቱ 11 በመቶ ይጨምርለት ነበር። በ2003 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 715 ይህንኑ መብት ለግል ድርጅት ሠራተኛም ሰጥቷል። መብቱ ግን የሚሠራው ውል ሲኖር ነው። ብዙ ሹፌር ከባለንብረቱ ጋር ያለው ውል ሻይ እየጠጡ የተነጋገሩት ነው፤ ደመወዙ ትንሽ፣ አበሉ በጉዞ፣ ጉዞ ከሌለ አበል የለም። ሕመምም የለም፤ የታመመ ሹፌር በሌላ ይተካል። ለቃቂው ከደመወዝ ወረቀቱ ላይ የሚያነጻጽረው አኃዝ ይህን ሁሉ ቀንሶ መሆን አለበት።

ስለ ችሎታውም ጥቂት። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ከተበተነው ጦር ወደ ጭነት መኪና የገባው ሹፌር ቢያንስ መንዳት ያውቅ ነበር። ከዚያም በፊት በጣሊያኑ ትሬንታ ኳትሮና በኤንትሬ ዘመን፣ ሰው ለዓመታት ረዳት ሆኖ ጎማ ሲፈታ፣ ታኮ ሲያስገባ፣ ከጭነት ላይ ሲያድር ቆይቶ ነው መሪ የሚሰጠው። የዛሬው ለቃቂ የሥልጠና ወረቀቱን በወራት ያገኛል። ሊማሊሞ ግን ወረቀት አያነብም። ሙሉ ጭነት ይዞ ያን ጠመዝማዛ የሚወርድ ሰው ገና ከላይ ሳለ ከባድ ማርሽ አስገብቶ መኪናውን በሞተሩ መያዝ አለበት፤ ፍሬን ብቻ የረገጠ እንደሆነ ፍሬኑ ይግላል፣ የጋለ ፍሬን ይከዳል። በክረምት ጉሙ ሲወርድ ደግሞ የፊተኛው መኪና መብራት እንኳ አይታይም። አንድ ዓመት አብሮ ወጥቶ መውረድ ለሃምሳ ዓመት ሰው ውርደት መስሎ ቢታየውም፣ ከዚህ የረከሰ መድን አይገኝም።

አሜሪካ ያሉ ወገኖች ምሳሌ ይጠቀሳል። ብዙ ኢትዮጵያዊ እዚያ ታክሲውን፣ አንዳንዱም ዲግሪውን ትቶ ትራክ ይነዳል። በአገሪቱ የሥራ ስታቲስቲክስ ቢሮ መረጃ መሠረት እ.ኤ.አ. በ2023 የከባድ መኪና ሹፌር መካከለኛ ዓመታዊ ክፍያ 54,320 ዶላር ነበር። ነገር ግን ያ ሰው በር ላይ ሲቆም የጭነቱ ባለቤት የሚከፍለው የማቆያ ክፍያ የሚባል ነገር አለ። ሁልጊዜ ባይከፈልም በውል ላይ ይጻፋል። ንጽጽሩ መጀመር ያለበት ከዚህ እንጂ ከዶላሩ አይደለም።

ነገሩ እንግዲህ የሹፌሩ ብቻ አይደለም። በደባርቅ ገበያ ገብስ የሚገዛ ነጋዴ ጥንቁቅ፣ ማንበብና መጻፍ የሚያውቅ፣ ደረሰኝ የማያጠፋ ሹፌር ቢያገኝ ይጠቀማል፤ ከቢሮና ከክፍል የሚለቀው ሰው ደግሞ በአብዛኛው እንዲህ ያለው ነው። ይህን ሰው ለማቆየት የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም፤ ከመጀመሪያው ቀን በኋላ ለሚቆም መኪና የቀን ክፍያ፣ እንዲሁም የጎንደሩን ማዳበሪያና ሲሚንቶ ለገብሱ ለሚመጣው መኪና አስቀድሞ የሚይዝ ደላላ። ደላላው ከአንድ ጉዞ ሁለት ኮሚሽን ስለሚያገኝ አይጎዳም። ነጋዴውም ባዶ ለሚመለስ መኪና በዋጋው ውስጥ ተደብቆ የሚከፍለውን ይቀንሳል። የገብሱ ጭነት የሚበዛው ከኅዳር ጀምሮ ነው፤ ውሉን ለመጻፍ ከዚያ በፊት ያለው ክረምት ይበቃል።